ሲንቄ ከባንኩ በፊት

አዲስ አበባ ላይ «ሲንቄ» ቢባል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ባንክ ነው። አይፈረድበትም። ባንኩ ከኦሮሚያ ብድርና ቁጠባ ተቋም አድጎ ቅርንጫፉን በየመንገዱ ከከፈተ ወዲህ ስሙ ከቼክና ከኤቲኤም ጋር ተጣብቋል። ስሙን ያዋሰችው ግን አንዲት ቀጭን የኦሮሞ ሴቶች ዘንግ ናት። ብዙ ጊዜ ከሀሮሬሳ ዛፍ ትቆረጣለች። ቀጥ ያለች፣ የለሰለሰች፣ ቅቤ የጠገበች ናት። እናት ለልጇ በሠርጓ ቀን ትሰጣታለች። የወንድ ዱላ መምቻም መመከቻም ነው። በሲንቄ ግን ማንም አይመታም።

ይህቺ ዘንግ የመንደር ጠብ ታስቆማለች። ባል ትቀጣለች። ዝናብ ትለምናለች። ከሁሉ በላይ ደግሞ የሴትን ሰውነት፣ ማለትም ማርገዟን፣ መውለዷንና ማጥባቷን፣ ወደ ሥልጣን ትቀይራለች። ወጉ ከአካባቢ አካባቢ ይለያያል፤ ከቦረናው የጉጂው፣ ከጉጂው የከረዩው የየራሱ መልክ አለው። እዚህ የማወራው ባብዛኛው ስለ አርሲ ነው።

ነገሩን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ቲክቶክ ላይ «ፌሚኒን ኢነርጂ» የሚለው ወሬ መንፈስ ከጀመረ ቆይቷል። ሰውነትሽን ስሚ፣ ማህፀንሽ ያውቃል፣ ሥራሽን በወር አበባሽ ዑደት አቅጂ፣ ቀስ በይ ይላል። ከውጭ የሚመጡት የሴቶች አመራር ሥልጠናዎችም ወደዚሁ እያዘነበሉ ነው። የዮጋ ምንጣፍ፣ ሻማ፣ በክብ መቀመጥ፣ ዓይን ጨፍኖ መተንፈስ። መቀለድ ቀላል ነው፤ እኔ ግን አልቀልድም። ቀኑን ሙሉ ሰውነቷን እንደሌለ ቆጥራ ለምትሠራ ሴት «ደክሞኛል» ብሎ ማመን ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

የኔ ጥያቄ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሰውነቷን የሰማች ሴት የሰማችውን ይዛ የት ትሄዳለች? «ይህ ይቁም» ስትል ማን ይሰማታል? ሥልጠናው እዚህ ላይ ዝም ይላል። የሲንቄ እናቶች ግን ዝም አይሉም።

ከወሊድ እንጀምር። አማርኛ ተናጋሪው ቤት አራስ ስትጠየቅ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ትባላለች። ሞት አፋፍ ደርሳ እንደተመለሰች ጠያቂው ያውቃል ማለት ነው። ከዚያ ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ ቅቤው ይከተላል። አርሲ ውስጥ ከዚህ በላይ አንድ ነገር ይጨመራል። የወለደች ሴት ግንባሯ ላይ ቀነፋ የሚባል ምልክት ታስራለች፤ ለወራትም አታወልቀውም። ቀነፋ ያሰረች ሴት አትመታም፣ አትሰደብም። መንገድ ላይ ስትገኝ ይለቀቅላታል። የደፈራት ሰው የደፈረው እሷን ብቻ አይደለም። የሴቶቹን ሁሉ ክብር ነው የነካው። የማይነካ፣ የማይደፈር የሆነ ሁሉ «ወዩ» ይባላል። እናት ወዩ ናት። አማት ወዩ ናት። ሲንቄም ራሷ ወዩ ናት።

ይህን ከዛሬው ቢሮ ጋር አስተያዩት። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዟ እንድታርፍ ይፈቅዳል። ጥሩ ሕግ ነው። ስትመለስስ? ዴስኳ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል። እድገቱ ለባልደረባዋ ተሰጥቷል። አለቃዋ «አሁንማ ልጅ አለሽ፣ መስክ አትወጪም» ይላታል፤ ያዘነላት መስሎት። ዕረፍቱ ከሥራ ያርቃታል፣ ቃሏን ግን አያከብድላትም። እንዲያውም ያቀልባታል።

የቀነፋ አሠራር የዚህ ግልባጭ ነው። ሴትየዋ ገና ደም አላቆመችም፣ እንቅልፍ የላትም፣ ጡቷ ያማታል። በዚያው ሰዓት ግን ከሌላው ጊዜ ሁሉ የበለጠ ትፈራለች። ሰውነቷ ሲደክም ሥልጣኗ ይበረታል። ስለ ሴቶች አመራር ከሰማሁት ሁሉ እንደዚህ የገረመኝ ሐሳብ የለም።

አሁን አንዱ ባል ሚስቱን መታ እንበል። ወይም ቀነፋ ያሰረችው ተሰደበች። ሴትየዋ ሲንቄዋን ይዛ ደጅ ትወጣና ትጮሃለች። ጩኸቱ የራሱ ስም አለው፤ እያ ሲንቄ ይባላል። የሰማች ሁሉ የያዘችውን ጥላ ትነሳለች። ሊጡ ቡሃቃው ውስጥ ይቀራል፣ እሳቱ ይጠፋል። እሷም ሲንቄዋን አንስታ እየጮኸች ትወጣለች። ያቺን ሰምታ ሌላዋ ትቀጥላለች። «የማን ሚስት ናት? ምን ሆና ነው?» የሚለው ጥያቄ ኋላ ይመጣል። መጀመሪያ መውጣት ነው።

ነገሩ በቶሎ ካልተፈታ ሴቶቹ መንደሩን ጥለው ይሄዳሉ። ይህኛው ጎዳንሳ ሲንቄ ነው። የሲንቄ ስደት ብንለው ያስኬዳል። ራቅ ብለው ትልቅ ዛፍ ሥር ይቀመጣሉ። ዘፈኑ አለ፣ ጸሎቱ አለ፣ መመለስ ግን የለም። ወደ መንደሩ ዞር ብላችሁ እዩ። ላም የሚያልብ የለም። ጥጃ ይጮሃል። ድክ ድክ የሚል ሕፃን አባቱን ይዞ ያለቅሳል። ወተቱም ቅቤውም በሴት እጅ ያለ ንብረት ስለሆነ ወንዱ ቢራብ እንኳ የት እንደሚነካ አያውቅም። አንድ ቀን ይቻላል። ሁለተኛው ቀን ይከብዳል።

ሽማግሌዎች ተሯሩጠው ይመጣሉ። ሴቶቹ በደላቸውን ይዘረዝራሉ። ጉዳዩ ይጣራል። በዳዩ ጥፋቱን ያምናል፣ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ከብት ይታረዳል። ከዚያ ሴቶቹ ይመርቁታል። ሳይመረቅ የቀረ ሰው ከሰው ተራ ወጥቷል። አሻፈረኝ ያለ ደግሞ እርግማን ይጠብቀዋል። ሲንቄ የያዙ ሴቶች የረገሙት ቤት ከብቱም ልጁም አይባረክም ተብሎ ይታመናል።

ይህ ሥርዓት በሁለት እግር ነው የቆመው። አንዱ እግር ተራ የሥራ ማቆም አድማ ነው። ሴቶቹ እጃቸውን ሲያነሱ ኑሮው ይቆማል፤ ለዚህ መንፈሳዊ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ሌላው እግር ፍርሃት ነው፤ ከእናት ማህፀን የወጣ ሁሉ እናትን ሲደፍር የራሱን ምንጭ እንደሚደፍር የሚያምን ማኅበረሰብ ፍርሃት። አድማው ብቻ ቢሆን ባሎቹ በዱላ ሊመልሷቸው ይሞክሩ ነበር። እርግማኑ ብቻ ቢሆን ደግሞ «ይርገሙ፣ ምን ያመጣሉ» የሚል ደፋር አይጠፋም። ሁለቱ ሲገናኙ ነው ሽማግሌውን የሚያስሮጡት።

በጦርነትም ያው ነው። ሁለት ወገን ተፋጥጦ ሳለ እናቶቹ መሃል ይገባሉ። በአንድ እጅ ሲንቄ፣ በሌላው እርጥብ ሳር ይዘዋል። እነሱን አልፎ ጦር መወርወር ነውር ብቻ ሳይሆን በራስ ላይ መዓት መጥራት ነው።

የገዳ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2016 በዩኔስኮ መዝገብ ሲሰፍር ስለ ዴሞክራሲው ብዙ ተባለ። ስምንት ዓመት፣ ከዚያ ሥልጣን ማስረከብ፤ በእርግጥም ያኮራል። ግን በገዳ እርከን የሚወጣውና የሚወርደው ወንዱ ነው። ሴቷ እዚያ መሰላል ላይ የለችም። በደርግ ዘመን አስር ዓመት ገደማ ታስረው የነበሩት ጋዜጠኛ፣ በኋላ ካናዳ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ መምህርት የሆኑት ማርታ ኩዌ ኩምሳ ከብዙ ዓመት በፊት ስለ ሲንቄ ሲጽፉ ዓይናቸውን የጣሉት እዚህ ላይ ነው። ሲንቄ ለገዳ ማጌጫ ተደርጋ የተሰፋች ጥልፍ አይደለችም። ከመሰላሉ ውጭ የተተወው ግማሽ ሕዝብ የያዘው መቆጣጠሪያ ናት። አባ ገዳውን የሚመርጡት እነሱ ባይሆኑም ሊያስቆሙት ይችላሉ።

መንፈሳዊው ወገን ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው በአቴቴ ነው። ዝናብ ሲጠፋ፣ ምጥ ሲከብድ፣ አገር ሲታመም ሴቶች ተሰብስበው ወደ ወንዝ ወይም ወደ ዛፍ ይወርዳሉ። ሲንቄ ይይዛሉ፣ ሳር ይይዛሉ፣ እየዘፈኑ ይለምናሉ። በዘፈናቸው ውስጥ «ማረም» የምትባል እናት ትጠራለች። ምጥ ላይ ያለችውን ከብበው «ማርያም፣ ማርያም» ለሚሉት የሰሜን እናቶች ይህ እንግዳ አይደለም። ሃይማኖቱ ቢለያይም ምጡ አንድ ነው፤ የሚጠራውም ስም ሩቅ አልሄደም። ቄስም ሼክም ሳያስፈልግ፣ ወልደው ያዩ ሴቶች ራሳቸው መሪ የሚሆኑበት ጸሎት ነው።

አቴቴ እየሳሳ መጥቷል። በአንድ በኩል መስጊዱ «ሽርክ ነው» አለ። በሌላ በኩል የወንጌላውያኑ ቤተክርስቲያን «መናፍስት ነው» አለ። ከተማው ደግሞ ዝም ብሎ ረሳው። ወቀሳው ውስጥ አንድ የማይነገር ነገር ያለ ይመስለኛል። አቴቴ የተተወው በእምነት ምክንያት ብቻ ሳይሆን ያለ ወንድ ፈቃድ የሚደረግ ስብሰባ ስለሆነም ነው። ሴቶቹ ወንዝ ዳር ምን እንደተባባሉ የሚቆጣጠር ማንም የለም።

ይህ የእናት ሰውነት ኃይል የኦሮሞ ብቻ አይደለም። ሁለት ቦታ ልውሰዳችሁ።

እ.ኤ.አ. በየካቲት 1992 መጨረሻ፣ ናይሮቢ፣ ኡሁሩ ፓርክ። ልጆቻቸው በኬንያው ፕሬዚዳንት ሞይ መንግሥት በፖለቲካ የታሰሩባቸው እናቶች ከአካባቢ ጥበቃ ታጋይዋ ዋንጋሪ ማታይ ጋር ሆነው ድንኳን ተክለው የረሀብ አድማ ጀመሩ። አብዛኞቹ የገጠር ባልቴቶች ነበሩ። ከቀናት በኋላ ፖሊስ በዱላና በአስለቃሽ ጭስ መጣባቸው። ማታይ ተመትተው ራሳቸውን ሳቱ። በዚያ መሃል ከእናቶቹ አንዳንዶቹ ልብሳቸውን አውልቀው ጡታቸውን እያሳዩ ፖሊሶቹ ፊት ቆሙ። ለወጣት ወንድ በእናቱ ዕድሜ ያለች ሴት ሆን ብላ ዕርቃኗን ማሳየት እርግማን ነው። ዓይናቸውን እየሸፈኑ የሸሹ ነበሩ። እናቶቹ ከዚያ ወደ ኦል ሴይንትስ ካቴድራል ገብተው አንድ ዓመት ያህል ተቀመጡ። እ.ኤ.አ. በ1993 መጀመሪያ እስረኞቹ ጥቂት ሲቀሩ ተፈቱ።

ሁለተኛው የጋናዋ አክራ ነው፣ እ.ኤ.አ. 2003። የላይቤሪያ ተፋላሚዎች ሆቴል ተቀምጠው ይደራደራሉ፣ አገሩ ይነዳል። ላይቤሪያዊቷ የሰላም ታጋይ ሌማ ቦዊና ጓደኞቿ የስብሰባውን አዳራሽ በር ዘግተው መሬት ላይ ተቀመጡ። ስምምነት ሳይደረስ ማንም አይወጣም አሉ። ጥበቃዎች ሊያስሯት ሲመጡ ቦዊ ልብሷን ማውለቅ ጀመረች። ጥበቃዎቹ ወደ ኋላ አሉ። አደራዳሪው የናይጄሪያው ጄኔራል አብዱልሰላሚ አቡባከር መጥተው አነጋገሯት። በፈረንጆቹ ኦገስት 18 የሰላም ስምምነቱ ተፈረመ። ቦዊ እ.ኤ.አ. በ2011 የኖቤል የሰላም ሽልማት ከወሰዱት ሦስት ሴቶች አንዷ ሆነች።

ሁለቱም ታሪኮች እንደ ተአምር ነው የሚነገሩት። ናይሮቢ ላይ ግን እናቶቹ ተደብድበዋል፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። የእናት ሰውነት ጥይት አይመልስም። የሚሠራው ከፊቱ የቆመው ሰው ነውርን የሚያውቅ ከሆነ ብቻ ነው። ከዚያም በላይ ሁለቱም ጊዜ ጥያቄው አንድና ግልጽ ነበር። ልጆቻችንን ፍቱ፤ ስምምነቱን ፈርሙ። «ኃይላችንን እንገንዘብ» የሚል አልነበረም።

ሲንቄን ሳሞግስ የቆየሁት የሚነቀፍ ነገር ስለሌላት አይደለም። አለ፤ ቀላልም አይደለም።

ሲንቄ የምትሰጠው በወግ ለተዳረች ሴት ነው። ያላገባችስ? ተጠልፋ የተወሰደችስ? ያልወለደችስ? ሥልጣን ከማህፀን ሲቀዳ ማህፀኗ ያልሰጠ ሴት ከበሩ ውጭ ትቀራለች። ዘመናዊው የ«ማህፀንሽ ያውቃል» ትምህርትም ይህንኑ ጉድጓድ ሳያየው ይገባበታል። ልጅ ለማግኘት ዓመታት ሆስፒታል ስትመላለስ የኖረች ሴት እዚያ ክብ ውስጥ ምን ብላ ትቀመጥ?

ደግሞ ሲንቄ በደለኛውን ትቀጣለች እንጂ ሴትየዋን ከቤቱ አታወጣትም። ማለቂያው እርቅ ነው። ከብቱ ታርዶ፣ ምርቃቱ ወርዶ፣ ወደዚያው ባል ትመለሳለች። አንዳንዷ የምትፈልገው ይህን ነው። ሌላዋ ግን አትፈልግም። በጉራጌ ተረክ የቃቄ ውርድወት የወንዶቹን ሸንጎ ቆማ የሞገተችው በፍቺ መብት ነበር። ከሲንቄ ፍርድ ውስጥ የጎደለው እሱ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ግርዛት ነው። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ኢትዮጵያውያን ሴቶች 65 በመቶው ተገርዘዋል ይላል። እናትን ወዩ የሚለው ማኅበረሰብ ሴት ልጁን ምላጭ ሥር አስተኝቷል፤ ምላጩን የያዘችውም ሴት ናት። ከዚህ በኋላ «የሴት ሰውነት ጥበብ» ሲባል የቱን ሰውነት ነው? የተከበረው የወላዷ ሰውነት ነው። የልጅቷ ሰውነት ገና የማኅበረሰቡ ንብረት ነበር። በዚያው ጥናት ላይ ሚስትን ቢያንስ በአንድ ምክንያት መምታት ተገቢ ነው ያሉት ሴቶች 63 በመቶ፣ ወንዶች 28 በመቶ ናቸው። ቁጥሩ የተገለበጠ አይደለም። ሴቶቹ ናቸው የበለጡት። አሠልጣኟ «ሰውነትሽን ስሚ» ከማለቷ በፊት ያ ሰውነት ምን እንዲናገር ተደርጎ እንዳደገ ብታስብ ጥሩ ነው።

አሁን ወደ ዛሬው እንምጣ። ትልልቅ የመንግሥት መድረኮች ላይ «አባ ገዳዎችና ሃደ ሲንቄዎች» የሚለው ሐረግ አይጠፋም፤ ሃደ ሲንቄ ማለት ሲንቄ የያዘች እናት ናት። እናቶቹ በባህል ልብስ ፊት ይቀመጣሉ። ሲንቄያቸውን ከፍ አድርገው ይመርቃሉ። ካሜራ ያነሳቸዋል። እሬቻ ላይም ሰልፉን ሲመሩ ይታያሉ። ከዚያ ባለሥልጣኑ ንግግሩን ያደርጋል፣ ስብሰባው ይቀጥላል፣ ምሳ ይበላል። ከምርቃቱ በኋላ ሃደ ሲንቄዋን «እርስዎስ ምን ይላሉ?» ብሎ የሚጠይቅ ብዙ አላየሁም። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ከሚኒስትሮቹ ግማሹ ሴቶች ሲሆኑ ሁላችንም አጨብጭበናል። ወንበር መቁጠር ግን ቀላሉ ክፍል ነው።

በመንደሩ ወግ ምርቃት ከፍርድ በኋላ ይመጣል። ጥፋት ይታመናል፣ ካሳ ይከፈላል፣ ከዚያ ይመረቃል። መድረኩ ላይ ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። ማንም ምንም ሳያምን፣ ማንም ሳይክስ፣ ምርቃቱ መክፈቻ ሆኗል። ሲንቄ የምታስፈራው ልትነፍግ ስለምትችል ነበር። ሁልጊዜ የምትመርቅን ሴት ማን ይፈራል? ኦሮሚያ ውስጥ ጦርነቱ ሳይበርድ ዓመታት ተቆጥረዋል። መሃል ገብተው የሚያስታርቁ እናቶች የመጡት ከአንዱ ወገን መድረክ ወርደው ከሆነ፣ ሌላኛው ወገን ሳሩንም ዘንጓንም የሚያይበት ዓይን ይለያል።

ከተማው ደግሞ ሌላ ችግር አለበት። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሴት ጩኸት ይሰማል፤ ግድግዳው ስስ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ያለችው የቲቪውን ድምፅ ከፍ ታደርጋለች። አምስተኛ ፎቅ ያለው «የባልና ሚስት ጉዳይ ነው» ይላል። ዘንግ ያላት የለችም ማለት አይደለም፤ አንዳንዷ ከእናቷ የተሰጣት ሲንቄ ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። የጠፋው ሌላው ነው። ሳትጠይቅ ሊጧን ጥላ የምትወጣ ጎረቤት፣ ከእሷም በኋላ የምትወጣ ሌላ ጎረቤት።

ለሴቶች አመራር ሥልጠና ገንዘብ የሚመድቡ ድርጅቶች አንድ ነገር ከሲንቄ መዋስ ቢፈልጉ፣ ዘንጓን በአርማቸው ላይ ከመሳል ይልቅ ይህን ጎረቤት ቢያደራጁ እመርጣለሁ። የአንድ ሕንፃ ሴቶች ተስማምተው፣ አንዷ ስትጮህ ሁሉም በር እንዲከፈት ቢያደርጉ። መድረኩ ላይ የሚጋበዙት ሃደ ሲንቄዎችም ከመውጣታቸው በፊት «ምን ተፈጽሞ ነው የምንመርቀው?» ብለው ቢጠይቁ፣ መልሱ ካላረካቸውም ሲንቄያቸውን ሳያነሱ ቢቀመጡ።